የወንድይራድ ሰዓትና የይርገዱ እንቅልፍ

ጠጋ በሉ እስቲ። ወሬው የድሬዳዋ ነው፤ ሙቀቱም አብሮ ስለሚመጣ ልብሳችሁን ላላ አድርጉ። አንዲት ሴት ነበረች። ንጉሥ አላገባችም፣ ዘንዶ አልገደለችም፣ የተቀበረ ወርቅም አላገኘችም። ደክሟት ነበር፣ ሌላ ነገር የለም። የምትፈልገው ጎኗን አሳርፋ አንድ ደህና እንቅልፍ መተኛት ብቻ ነበር።

ስሟ ይርገዱ ነው፣ ቤቷ ገንደ ቆሬ። ባሏ ወንድይራድ ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ኋላ ስኳር በሽታ ዓይኑን ወሰደበትና ቤት ዋለ። ከዚያ ሁሉ መንገድ የተረፈችው አንዲት የእጅ ሰዓት ናት። በረሃው ላይ ድልድይ ይሠራ የነበረ የባሕር ማዶ መሐንዲስ አገሩ ሊገባ ሲል ከገዛ እጁ ፈትቶ ነው የሰጠው። ሰዓት ብትሉ ሰዓት ናት! ወፍራም ብረት፣ ጥቁር ፊት፣ በቁጥር ፈንታ ነጫጭ ጭረት ብቻ ያለባት ዘመነኛ። የሀብታም እጅ የለመደች ብትሆንም የሾፌር እጅ አልናቀችም። ከጭነት ላይ ወድቃለች፣ ጎማ ሄዶባታል፣ ጨው በርሜል ውስጥ ገብታ ወጥታለች፤ ያም ሆኖ ትናንት ከሱቅ የወጣች ትመስል ነበር።

ወንድይራድ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሰዓቷን አያያትም፣ ይሰማታል። ማታ ጆሮው ሥር ያደርጋትና እሷ ትክ ትክ ስትል እሱ ይተኛል። ታዲያ አንድ ቀን ቆመች። እሷ ስትቆም የሱም እንቅልፍ ጠፋ። "ጨለማው ላይ ዝምታ ሲጨመርበት የሞትኩ ይመስለኛል" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ "ይርጌ፣ አለሽ?" ይላል። "አለሁ፣ ተኛ" ትለዋለች። ዓይኗ ከደን ሲል ደግሞ "ይርጌ፣ አለሽ?"። "አለሁ፣ ተኛ"። እንዲህ ሲባባሉ ወፍ ይንጫጫል። ይርገዱ ሻይ ውስጥ ጨው መጨመር ጀመረች፣ ቆማም ታንቀላፋለች፣ አንድ ቀን ለጎረቤት ፍየል እንደምን አደርሽ ብላለች። ሰዓቷ አልመታም አለች፣ ወንድይራድ አልተኛም አለ፣ ይርገዱስ መች ጎኗን ታሳርፍ?

አንድ ማለዳ ባሏን ለጎረቤት አደራ ብላ ሰዓቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወጣች። በመጀመሪያ ያገኘቻቸው አዳዲሶቹ የሰዓት ሱቆች ናቸው። እነሱ ባትሪ መቀየር ነው የሚያውቁት፤ ይቺ ደግሞ ባትሪ የላትም። አገላብጠው አገላብጠው መለሱላት። አንዱ ግን መጋላ ሄደሽ ሸሪፍን ፈልጊ፣ ከሙሴ ክሪኮር ተማሪዎች አንዱ ነው አላት።

ሸሪፍ በረንዳ ሥር ካለች ጠረጴዛው ጀርባ ነበር። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሰዓቷን አየ፣ ጆሮው ላይ አደረገ፣ ነቅነቅ አደረጋት። ዘይቷ ደርቆ ነው አለ፤ ተከፍታ ብትታጠብ፣ ንጹሕ የሰዓት ዘይት ጠብ ቢልላት ትነሳለች። ይርገዱ ደስ ብሏት በል ክፈታ አለችው። ሸሪፍ መነጽሩን ነቅሎ አንገቱን ደፋ። የዚች ሰዓት የጀርባ ክዳን በተራ ጉጠት አይከፈትም፣ ልክ የሚሆነው የሙሴ መክፈቻ ብቻ ነው፣ የሙሴ መክፈቻ ደግሞ እኔ ዘንድ የለም አላት።

ይኼን ነገር ላስረዳችሁ፣ ሳላስረዳ ካለፍኩ ኋላ ትጠይቁኛላችሁ። ሙሴ ክሪኮር የድሬዳዋ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሙያውን ከአባቱ ነው የተማረው፣ አባቱ ከአያቱ፣ አያቱ ደግሞ ክረምት ከበጋ በረዶ ከማይጠፋበት ተራራማ አገር፣ ሰው ሁሉ ሰዓት ሲሠራ ከሚውልበት መንደር ይዞት መጣ ይባላል። ሙሴ ልጅ አልነበረውም። ሦስት ተማሪዎች ነበሩት፣ ሸሪፍ፣ ዘውገና አበራሽ። ሊሞት ሲል ሦስቱን ጠርቶ ዕቃውን አካፈላቸው። ማጉያ መነጽሩን ለሸሪፍ፣ መክፈቻውን ለዘውገ፣ የዘይቱን ብልቃጥ ለአበራሽ። ዘይቱን የወንድሙ ልጅ ከባሕር ማዶ እየላከ እንዲተካላት አደረገ። ዓይኑ አንዱ ጋ፣ እጁ አንዱ ጋ፣ ዘይቱ አንዷ ጋ ከሆነ ሳይለያዩ ይኖራሉ ብሎ ነው። ምስኪን ሙሴ! ሰዓት ያውቅ ነበር እንጂ ሰው አያውቅም። ከተቀበረ በኋላ ሦስቱ አንድ ላይ ቁጭ ብለው አያውቁም።

እንግዲህ ክዳኑ አልከፈትም አለ፣ ሰዓቷ አልመታም አለች፣ ወንድይራድ አልተኛም አለ፣ ይርገዱስ መች ጎኗን ታሳርፍ? ተነሥታ የደረቀውን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻገረች፣ ወደ ከዚራ፣ ወደ ዘውገ ቤት። አሸዋው ጫማዋ ውስጥ እየገባ፣ ፀሐዩ አናቷን እየጠበሳት።

ዘውገን ቤቱ ውስጥ ከአንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘችው። የሙሴ ሱቅ ሰዓት ነበር፤ አሁን ቆሟል። መክፈቻው አለ፣ እዚያ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው አላት። ታዲያ ስጠኛ ስትለው ፊቱን አዞረ። የሰዓት ዘይት ያላት አበራሽ ናት፣ ለዚህ ግድግዳ ሰዓት አንዲት ጠብታ ብለምናት ነፈገችኝ፣ ከዚያ ወዲህ ይኸው እንደቆመ ነው አለ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቢያደርግበት ደግሞ ጭራሽ ይሞታል። "እትዬ ይርገዱ፣ አንቺን ጠልቼ አይደለም" አላት። "የሷ ዘይት ሳይመጣ የኔ መክፈቻ አይወጣም።" ይርገዱ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች። እሺ ብላ ወጣች።

ዘውገ መክፈቻ አላወጣም አለ፣ ክዳኑ አልከፈትም አለ፣ ሰዓቷ አልመታም አለች፣ ወንድይራድ አልተኛም አለ፣ ይርገዱስ መች ጎኗን ታሳርፍ? የአበራሽ ቤት የት ነው ብላ ብትጠይቅ መጋላ፣ ከሸሪፍ በረንዳ ጀርባ ባለው መንደር ውስጥ ሆኖ አረፈው። የመጣችበትን መንገድ መመለስ ነው። በባጃጅ ተሳፈረች። ዓይኗ ገና ከደን ሲል ባለ ባጃጁ እማማ ደርሰናል አላት። ወይ አለመታደል!

አበራሽ እንግዳ አክባሪ ናት። ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠቻት፣ ትራስ ደገፈችላት፣ ወሬዋን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ብልቃጧንም አውጥታ አሳየቻት፤ የአውራ ጣት ታህላለች፣ ዘይቱ እንደ ውኃ የጠራ። አሳየቻትና መልሳ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባት። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የአበራሽ እናት ሲሞቱ ሸሪፍ ለቅሶ አልደረሰም። አብሮ አደግ፣ ጎረቤት፣ ከአንድ ገበታ የበላ ሰው። እናቷ ሸሪፍን ልጅ ሆኖ ሲርበው አጉርሰውታል፣ ሲያመው አስታመውታል። የሩቁ ሁሉ መጣ፣ እሱ ሁለት ቅያስ ተሻግሮ አልመጣም። ዘውገንስ ለምን ነፈግሽው ብትላት፣ ዘውገ ካገኘ ለሸሪፍ ያካፍለዋል፣ የሁለቱን ፍቅር አውቀዋለሁ አለች። "ሸሪፍ እዚህ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ እናቴን ካላለቀሰ፣ ዘይቱ ከዚህ ቤት አይወጣም" ብላ ዓይኗን ጠረገች። ይርገዱም አብራት ዓይኗን ጠረገች፤ ከሐዘኑ ይልቅ የድካም ዕንባ ነበር።

አበራሽ ያለ ሸሪፍ ዘይት አልሰጥም አለች፣ ዘውገ ያለ ዘይት መክፈቻ አላወጣም አለ፣ ክዳኑ ያለ መክፈቻ አልከፈትም አለ፣ ሰዓቷ ሳልከፈት አልመታም አለች፣ ወንድይራድ ያለ ሰዓቷ አልተኛም አለ፣ ይርገዱስ መች ጎኗን ታሳርፍ? መድገሙ እኔንም ደከመኝ፤ እሷ ግን በእግሯ ነው የደገመችው።

ሸሪፍ ጋ ስትደርስ ጠረጴዛውን በሸራ እየሸፈነ ነበር። በድሬ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ጋደም ይላል፤ ሱቅ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይዘረራል። ይርገዱ መንገዱ ላይ ቆማ ነገረችው። ሄደህ እናቷን አልቅስላትና ይለቅ አለችው። ሸሪፍ ጭንቅ አለው። ያን ጊዜ ጅጅጋ ዘመድ ቤት ለሠርግ ሄዶ እዚያው ከርሞ ነበር፣ አልሰማም። ሲመለስ የሴትዮዋ አርባ ወጥቷል። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ሲል ሰነበተ፣ በሰነበተ ቁጥር እፍረቱ ባሰበት። አሁን ጭራሽ በሌላ መንገድ ነው ዞሮ ቤቱ የሚገባው።

"አቦ እትዬ ይርገዱ፣ ምን ብዬ ልግባ?" አላት። "ለቅሶ የሌለበት ቤት ዘው ብሎ ማልቀስ ሟርት ነው። ሰው ይሰበሰብብኛል። ለቅሶ ሳይኖር አልሄድም።"

ይርገዱ ሬሳ ከየት አምጥቼ ላቅርብልህ ልትለው አሰበችና ተወችው። አስቡት እንግዲህ። ሸሪፍ ያለ ለቅሶ አልሄድም አለ፣ አበራሽ ያለ ሸሪፍ ዘይት አልሰጥም አለች፣ ዘውገ ያለ ዘይት መክፈቻ አላወጣም አለ፣ ክዳኑ ያለ መክፈቻ አልከፈትም አለ፣ ሰዓቷ ሳልከፈት አልመታም አለች፣ ወንድይራድ ያለ ሰዓቷ አልተኛም አለ፣ ይርገዱስ መች ጎኗን ታሳርፍ? ከተማው ሁሉ ተኝቶ እሷ ብቻ ቆማ ቀረች።

አንድ ጊዜ ደግሜ ልለምናት ብላ ወደ አበራሽ ደጅ ተመለሰች። በሩ ተዘግቷል፣ አበራሽም ጋደም ብላለች። ማንኳኳት ነውር መሰላት፤ የሰው እንቅልፍ ዋጋ ገብቷታል። እስክትነሳ ልጠብቃት ብላ ከበሩ አጠገብ፣ የኒም ዛፉ ጥላ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ግድግዳውን ደገፍ አለች። የኒሙ ቅጠል ሽው አለ። እጇ ዝል አለ፣ አንገቷ ዘመም አለ፣ ከድንጋዩ ወደ መሬት ቀስ ብላ ተንሸራተተች። "ይርጌ፣ አለሽ?" የሚል ሰው አጠገቧ የለም። ተኛች። ያን ሁሉ ሌሊት የተጠራቀመ እንቅልፍ አንድ ላይ ነው የወደቀባት።

አበራሽ ተነሥታ በሩን ስትከፍት ሴትዮዋ ደጇ ላይ ተዘርራለች። ጠራቻት፣ መልስ የለም። ነቀነቀቻት፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ ትላላለች። ውኃ ረጨችባት፣ ቅንድቧ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ውኃ ሰጥቼ፣ እምቢ ብዬ የሸኘኋት ሴት ደጄ ላይ ሞተች ብላ አበራሽ ጭንቅላቷን ይዛ ኡኡ አለች። በዚያ ሰዓት ድሬ ጭር ስለሚል ኡኡታው ስንት ቤት አንኳኳ! ጎረቤት እየተደናበረ ወጣ። ገሚሱ ዘይት የምትለምን ሴት ሞተች አለ፣ ገሚሱ የወንድይራድ ሚስት ናት አለ፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ለዘውገ ደወለ። ባለ ባጃጅ ሰምቶ ወደ ገንደ ቆሬ ወሬውን ይዞ ነጎደ።

ሸሪፍም ሰማ። በአበራሽ ቤት ሰው ሞተ ሲባል ሽርጡን እንዳደረገ፣ አንድ እግሩን ጫማ፣ አንድ እግሩን ባዶ ሮጦ ወጣ። ሁለተኛስ ከለቅሶዋ አልቀርም ይል ነበር ሲሮጥ። ሁለቱን ቅያስ እንዴት እንዳለፈ አያውቅም። ሲደርስ ይርገዱን ምንጣፍ ላይ አጋድመው ነጠላ አልብሰዋታል። ከጎኗ በጉልበቱ ወደቀና ለቅሶውን ለቀቀው። መጀመሪያ ለይርገዱ አለቀሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ያጎረሱኝ እናቴ፣ ያስታመሙኝ እናቴ ማለት ጀመረ። አበራሽ ቀና ብላ አየችው። የማንን ለቅሶ እንደሚያለቅስ ገባት። አጠገቡ ቁጭ አለችና ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ዘውገም ጥቁር ኮቱን ደርቦ ከባጃጅ ወረደና ተቀላቀላቸው። ሦስቱ አንድ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጡ ከሙሴ ቀብር ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሸሪፍ ደረቱን እየመታ እትዬ ይርገዱ፣ የለሽም ወይ፣ የለሽም ወይ ይላል። ነጠላው ሥር ድምፅ ተሰማ። ዓይኗ እንደተከደነ ነው፣ ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

"አለሁ" አለች። "ተኛ።"

ዘውገ ወደ በሩ ሸሸ። አንዲት ጎረቤት በስመ አብ አለች። አበራሽ ግን ነጠላውን ገልጣ የይርገዱን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ሳመቻት። ይርገዱ ነቅታ የተሰበሰበውን ሰው አየች። ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። ከዚያ አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ሳቀች፣ ሸሪፍ በሽርጡ ጫፍ አፍንጫውን እየጠረገ ሳቀ። ይርገዱ ብቻ አልሳቀችም፤ እንቅልፏን ያቋረጧት ገና ሲጥማት ነበር።

ሸሪፍ አለቀሰ፣ አበራሽ ዘይቱን አወጣች፣ ዘውገ በመጣበት ባጃጅ ተመልሶ መክፈቻውን አመጣ። ሸሪፍ ማጉያ መነጽሩን ሰካ፣ ዘውገ መክፈቻውን አዞረ፣ ክዳኑ ተከፈተ። አበራሽ በመርፌ ጫፍ ዘይቱን ጠብ አደረገች። ሦስት ራስ አንዲት ሰዓት ላይ ተደፋ። ሰዓቷ መታች። አበራሽ ለዘውገም ሳይጠይቃት ለግድግዳ ሰዓቱ የሚሆን ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ሰጠችው። ይርገዱ ሰዓቷን ቋጥራ ወደ ቤቷ ተሳፈረች። ሁለት ብቻ ቀሩን፣ የወንድይራድ እንቅልፍና የሷ።

ግን መርዶ ከሁሉ ይፈጥናል። ገንደ ቆሬ ስትደርስ ደጇ ላይ ሰው ሞልቷል። ጎረምሶች የእድሩን ድንኳን እየተከሉ ነው፣ አግዳሚ ወንበር ይወርዳል። ይርገዱን ሲያዩ ካስማ የሚመታው መዶሻውን ጣለ። ማንንም ሳታናግር አልፋቸው ገባች። ወንድይራድ ወለል ላይ ነው። አልጋውን ትቶ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ አያለቅስም። ዙሪያውን የተቀመጡት ለቀስተኞች እሷን ሲያዩ አፋቸውን ይዘው ቦታ ለቀቁላት።

ይርገዱ አጠገቡ ተቀመጠች። ድምፅ ማውጣት ፈራች፣ እንዳይደነግጥባት። ሰዓቷን ፈትታ ጆሮው ላይ አደረገችለት። ትክ፣ ትክ፣ ትክ። ወንድይራድ ሰዓቷን በእጁ ገፋት።

"እሷን ምን ላድርጋት?" አለ። "ይርጌ ከሌለች ሰዓት ምን ይሠራልኛል?"

ይርገዱ እጁን ያዘችው። እሱም ያዘው፣ ዳበሰው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰ፣ የተጣመመችውን ትንሿን ጣት ሲያገኝ ቆመ። ዝቅ ብሎ ጆሮውን የእጇ አንጓ ላይ፣ የደም ሥሯ የሚመታበት ላይ ለጠፈው። ብዙ ቆየ። እጇ በዕንባው ራሰ።

"ሞኞች ናቸው" አላት መጨረሻ ላይ። "ሞተች አሉኝ እኮ።"

"ተኝቼ ነው" አለችው። "ደክሞኝ።"

ያን ጊዜ ነው የገባው። ስንት ሌሊት ሲጠራት እንዳደረ፣ ስንት ጊዜ አለሁ እንዳለችው ቆጠረና አፈረ። ወለሉን እየዳበሰ ሰዓቷን ፈልጎ አገኛት። ያቺን የመሐንዲስ ሰዓት፣ ያቺን ጎማ የሄደባት ወፍራም ብረት፣ በይርገዱ ቀጭን እጅ ላይ አሰራት። ብትሰፋት ወደ ክንዷ ገፋ አደረገላት። ከዚያ ተነሥቶ አልጋው ላይ አስተኛትና ከጎኗ ተጋደመ፣ ጆሮውን ክንዷ ላይ አድርጎ። ከላይ ብረቱ ይመታል፣ ከሥሩ የሷ ደም ይመታል። ከልማዱ የተነሣ ሊጠራት አፉን ከፈተ። እየሰማት እንደሆነ አስታወሰና ዘጋው።

ወንድይራድ ተኛ። ይርገዱ ጎኗን አሳረፈች። ለቀስተኞቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አግዳሚውን ሳያንኳኩ አንድ በአንድ ወጡ። እናንተም ቀስ ብላችሁ ውጡ፤ ወሬው አልቋል፣ ሴትዮዋም ተኝታለች።